የሐኪሙ ማውዘር

ጥቅምት ፲፪፣ ቅዳሜ

የአደኑ ወራት ከመግባቱ በፊት የሦስታችንን ስድስት ማውዘሮች ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ፈታትቶ ማጽዳት የቆየ ልማዳችን ነው። ዛሬ አደረግነው፤ ባናደርገው ይሻል ነበር።

የተማሪ ቤት ወዳጄ ሐኪሙ ሦስት መዝጊያ አቀያየረ። እነዚህ አሮጌ ጠመንጃዎች እያንዳንዳቸው መዝጊያቸው ከገላቸው ጋር አብሮ ተሞርዶ የተገጠመ፣ በሁለቱም ላይ አንድ ቁጥር የተመታባቸው ናቸው። የአንዱ መዝጊያ በሌላው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ገባ ማለት ግን ገጠመ ማለት አይደለም። ጥይቱን አጥብቆ ካልያዘው ቀለሁ ይሰነጠቅና እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ መዝጊያ የሚቀመጠው በየራሱ ጨርቅ ላይ፣ ከየራሱ ጠመንጃ ጎን ነው። ይህን ሕግ ያወጣልን ሐኪሙ ራሱ ነው። ዕድሜ ልኩን የሰው ሆድ ከፍቶ ሲዘጋ አንዲት መቀስ ውስጥ ያልረሳ ሰው!

ቁጥሮቹን ባሳየው፣ «ምን ታፈጥብኛለህ? ትነቃ እንደሆነ ልፈትንህ ብዬ ነው» አለኝ።

ሦስተኛው የአደን ጓዳችን ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ «ጋሼ ሐኪም፣ በእንዲህ ያለ ፈተና የሚወድቀው ተማሪው ሳይሆን ጥርሱ ነው» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። የክፍሉ መብራት ደካማ ነው። አምፖሉ እንዲቀየር ለቤቱ ሰው ሁሉ ተናግሬ ሰሚ አጥቻለሁ። በዚህ ጭላንጭል እንኳን ጡረተኛ፣ ጭልፊትም ቁጥር አይለይ።

ጥቅምት ፲፬፣ ሰኞ

አፈ ጉባኤ ለሆንሁበት ምክር ቤት ዛሬ አንድ ረቂቅ ሕግ ቀረበለት። ዕድሜው ከሰባ ያለፈ ሰው ሁሉ የጠመንጃ ፈቃዱን ሲያሳድስ የአእምሮውንና የዓይኑን ጤንነት የሚያረጋግጥ የሐኪም ማስረጃ ያቅርብ የሚል ነው። በመሠረቱ አልቃወመውም። አፈ ጉባኤ የሚደግፈውም የሚቃወመውም የለውም፤ ሥርዓቱን ብቻ ይጠብቃል። ነገር ግን በረቂቁ ውስጥ «አሮጌ ጠመንጃ» እና «ጥንታዊ ጠመንጃ» የሚሉት ቃላት ያለ ትርጓሜ ተቀላቅለው ገብተዋል። እንዲህ ያለ ዝርክርክ ጽሑፍ ለውይይት ማቅረብ ምክር ቤቱን መናቅ ነው። ለተጨማሪ ጥናት ወደ ኮሚቴ መራሁት።

በመተላለፊያው ሳልፍ አንዲት የምክር ቤት አባል ለጎረቤቷ፣ «ረቂቁ ምን አጠፋ? ጥናት የሚያስፈልጋቸው ባለጠመንጃዎቹ ናቸው» ስትል ሰማሁ። ስታየኝ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ። እኔም በትሕትና መለስሁላት። ወደ ማን እንዳነጣጠረች አልገባኝም፤ እኔ ገና ሰባ አልሞላኝም። ሐኪሙ እንኳ የሞላው አምና ነው።

ጥቅምት ፲፱፣ ቅዳሜ

በችኮላ። ኢላማ ሜዳ። የሐኪሙ ቀለህ ተሰነጠቀ። ዓይኑ ደኅና። ጉንጩ ላይ ጥቂት ባሩድ። ጥይቱ ያረጀ ነበር። ጥይት ሻጩ ለዚህ መልስ ይሰጣል!

ጥቅምት ፳፩፣ ሰኞ

ጥይት ሻጩን አነጋገርሁት፤ ከዚያው ካርቶን እኔም፣ ዋርሳዬም፣ ሌሎች አዳኞችም መተኮሳችንን አስታውሶኝ ዝም አለ። ነጋዴ ሁልጊዜ ዝም የሚለው ለራሱ በሚመቸው ቦታ ላይ ነው።

የሐኪሙን ማውዘር ለመሣሪያ ጠጋኙ ወሰድሁለት። ይህ ሰው አንድ ብሎን ሲያዞር ሦስት ተረት ያወራል፤ ግማሹ ስለ ራሱ ጀግንነት ነው። ዛሬም የሞተ ጠመንጃ በትንፋሹ እንዴት እንዳስነሣ ከተረከልኝ በኋላ መዝጊያውን ከገላው አጠገብ አስቀምጦ አየው።

«ክቡርነትዎ፣ ጥይቱን ምን አስከሰሰው? የዚህ መዝጊያ እናቱ ሌላ ናት» አለኝ።

ቁጥራቸው አይገናኝም። ባጸዳን ዕለት ያስተካከልናቸው ሦስቱን ነበር፤ አራተኛ ነበረ ማለት ነው። «ያጸዳነው ሦስት ሆነን ነው፤ ማን እንዳጠፋ ማረጋገጥ አይቻልም» አልሁት።

«እሱስ ልክ ነው» አለና ቀና ብሎ አየኝ፤ «ፊቱ የተቃጠለው ግን የማን ነው?»

ዕቃ ጠግነው ምክር የሚመርቁልህ የዘመኑ ሰዎች አሰለቹኝ። ትክክለኛው መዝጊያ ከሌላው ጠመንጃ ላይ ወጥቶ እስኪገጠምለት ማውዘሩ እኔ ዘንድ እንዲቆይ አደረግሁ።

ጥቅምት ፳፭፣ ዓርብ

የሐኪሙ ልጅ ቢሮዬ መጣች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነጭ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። በልጅነቷ በትከሻዬ የተሸከምኋት ልጅ እንደ ባለጉዳይ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አባዬ ባለፈው ሳምንት ፀጉሩን ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ገብቶ ወረፋ ያዘ። ፀጉር አስተካካዩ ነው የደወለልኝ።»

«አባትሽ ቀልደኛ ነው» አልኋት።

«ቀልድ አይደለም፣ ጋሼ። እኔ ስነግረው ‹አንቺን ያዋለድሁ እኔ ነኝ› ይለኛል። እርስዎን ነው የሚሰማው። ጠመንጃውን ይተው፤ እባክዎን ይበሉት። ራሱን ቢጎዳ አንድ ነገር ነው፤ ሰው የጎዳ ዕለት ግን… አንድ ሰው ገድሎ አያውቅም እኮ፣ በሥራውም እንኳ ሲሞቱበት እንዴት ይሆን እንደነበር ያውቃሉ።»

አውቃለሁ። በሽተኛ የሞተበት ቀን ምሳውን ሳይበላ እኔ ዘንድ ይመጣና ስለ ጠመንጃ ብቻ እናወራ ነበር።

አነጋግረዋለሁ ብዬ ቃል ሰጠኋት። ስትወጣ አመሰገነችኝ። ገና ምንም ሳያደርጉለት የሚያመሰግን ሰው ያናድዳል።

ኅዳር ፩፣ ሐሙስ

ሐኪሙን ምሳ ጋበዝሁት። የምናገረውን ቤት ሳለሁ በሚገባ አሰናድቼ ነበር፤ በመጀመሪያ ስለ ወዳጅነታችን፣ ቀጥሎ ስለ ዕድሜ በጠቅላላው፣ በመጨረሻ ወደ ጉዳዩ። ወዳጅነታችንን እንደጨረስሁ አስተናጋጁ ሾርባ ይዞ መጣ። ስለ ዕድሜ ስጀምር ሐኪሙ ቀደመኝ።

«ያ ያንተ ምክር ቤት ያመጣው ረቂቅ ግሩም ነው» አለኝ። «ሽማግሌ ሁሉ ጠመንጃ ታቅፎ ጫካ ለጫካ መዞር የለበትም። አደጋ ነው።»

እፎይ አልሁ። «እንዲህ ማሰብህ ደስ ይላል። እኔም ልነግርህ ያሰብሁት…»

«ገብቶኛል፤ ስላንተ ዓይን ነው አይደል? አይዞህ፣ የማውቀው ጎበዝ የዓይን ሐኪም አለ።»

ከዚያ በኋላ ምን ይባላል? አስተናጋጁ ደግሞ «ሌላ የሚታዘዝ አለ?» እያለ እላያችን ላይ ቆመ። በዚህ ከተማ ሁለት ሰው ተቀምጦ ቁም ነገር የሚነጋገርበት ቦታ ጠፋ።

ሒሳቡን እንዲከፍል ፈቀድሁለት። ከፍሎ ስንወጣ፣ «ቆይ፣ ሒሳብ ሳንከፍል» ብሎ ወደ ውስጥ ተመለሰ። እኔ ከውጭ ጠበቅሁት።

ኅዳር ፫፣ ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ሁሉም ተባብሮ ዘመተብኝ፤ በዝርዝር ልጻፈው።

ጠዋት ዋርሳዬ መጣ። እንደ ወትሮው እየቀለደ ነበር የገባው፤ ከተቀመጠ በኋላ ግን ቀልዱን አቆመ።

«ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የምንወጣ ከሆነ ከርከሮውን ከጥሻው የማስነሣው እኔ ነኝ። ጋሼ ሐኪም ያጎረሰ ጠመንጃ ይዘው ፊት ለፊቴ ከተቀመጡ አልወጣም። ልጆች አሉኝ።»

«አነጋግረዋለሁ ብያለሁ።»

«መቼ? ለስንት መቶ ሰው ጉባኤ አፍ ሆነው ለአንድ ሰው አፍ ያጣሉ?»

ለነገሩ ጊዜ እንደሚያስፈልግ፣ የሰው ክብር በችኮላ እንደማይነካ በእርጋታ አስረዳሁት። እሱም በእርጋታ ሰማኝና «ጥይት ግን አይረጋጋም» ብሎኝ ሄደ። ባለጌ ነው ማለት አልችልም፤ ባለጌ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ በስልክ ስታወራ ሰማሁ፤ በሩ ክፍት ነበር። ከሐኪሙ ልጅ ጋር መሆን አለበት። «አይነግረውም፣ ልጄ፤ አትጠብቂው። ክፋት የለውም። ሌላ የሚያጫውተው ሰው የለውማ» ትላለች።

ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። በዚህ ከተማ ውስጥ እኔን የማያውቅ ማን አለ? ምክትል አፈ ጉባኤው በየቀኑ ያጫውተኛል፤ ወንበሬን እስክለቅለት ነው እንጂ። የቀድሞው ከንቲባ አለ፤ ካለፈው ምርጫ ወዲህ ሰላም ባንባባልም። ጎረቤቴ መሐንዲሱ አለ፤ እሱ እንኳ ቤቱን ሸጦ ሄዷል። ሌላም ብዙ ሰው አለ። ሁሉንም እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም።

ሰው በሕዝብ አገልግሎት ሲኖር ወዳጆቹን ለመጠየቅ ጊዜ ያጣል። ሐኪሙ ግን ጊዜ አግኝቶ ሳይሆን ሳይጠራ የሚመጣ ሰው ነው። ክቡር ብሎኝ አያውቅም። በሹመቴ ዕለት እንኳ ሰው ሁሉ ተሰልፎ እጅ ሲነሣኝ እሱ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «ክራቫትህ ሾርባ ነክቶታል» ነው ያለኝ።

እንዴት ተብሎ ነው ታዲያ የሚነገረው? እስቲ አንዳቸው ይምጡና ይንገሩት!

ኅዳር ፮፣ ማክሰኞ

መፍትሔ አገኘሁ።

በመዝጊያው ሆድ ውስጥ ጥይቱን ከኋላ የሚወጋ ቀጭን ብረት አለ፤ መርፌ እንለዋለን። ከአሮጌ ዕቃዎቼ መካከል ጫፉ የተሰበረ አንድ መርፌ ነበረኝ። የሐኪሙ ማውዘር እኔ ዘንድ ስላለ መዝጊያውን ፈትቼ ደኅናውን አወጣሁና ሰባራውን አስገባሁ። አሁን ጥይት ይጎርሳል፤ ይከፈታል፤ ይዘጋል፤ ቃታው ሲሳብ ቀጭ ይላል። ጥይቱን ግን አይነካውም። ከውጭ ላየው ሰው ምንም ልዩነት የለውም።

ነገሩን በሚገባ መዝኜዋለሁ። ክልከላ አይደለም፤ ጊዜያዊ እገዳ ነው። ክብሩ አልተነካም። አልዋሸሁትም፤ አልጠየቀኝምና።

ለዋርሳዬ ነገርሁት።

«አሁን ትወጣለህ ወይስ አትወጣም?» አልሁት።

«እወጣለሁ። ግን ጋሼ፣ ይሄ ነገር ደስ አላለኝም።»

አንዱን ጥያቄውን ስትመልስለት ሌላ ያመጣል። አንተን ደስ ለማሰኘት የተደረገ አይደለም አልሁት።

ኅዳር ፲፣ ቅዳሜ

ከአደን ተመለስን። እጄ ላይ ያለው ጭቃ እንኳ አልታጠበም፤ ግን አሁን ካልጻፍሁት ነገ ለራሴ አሳምሬ እተርከዋለሁ።

ከርከሮ እርሻቸውን ያጠፋባቸው ገበሬዎች ባሳዩን ጥሻ ዳር ሐኪሙና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዋርሳዬ ከወዲያ በኩል እያስነሣ መጣ። ሐኪሙ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተረጋግቶ ነበር፤ እንደ ድሮው። እኔ ግን ዓይኔን ከቃታው ላይ መንቀል አቃተኝ። ቢስበውስ? ቀጭ ሲል ምን ይለኛል? አንድ ትልቅ ከርከሮ ወጥቶ ከፊት ለፊታችን ቆመ። እንዲህ ያለ አጋጣሚ በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው። ሐኪሙ ሰደፉን ትከሻው ላይ ደግኖ አነጣጠረ። አፈሙዙ ቅንጣት አልተንቀሳቀሰም። ከርከሮው ጆሮውን አራገፈና ተራምዶ አለፈ። ሐኪሙ ጠመንጃውን መልሶ ጭኑ ላይ አስተኛው።

ዋርሳዬ እያለከለከ ደረሰ። «ጋሼ ሐኪም፣ ምነው? እዚህ አፍንጫዎ ሥር አቁሜልዎት!»

«አሳዘነኝ» አለ ሐኪሙ። «የኋላ እግሩ አንተን ይመስላል።»

ተሳሳቅን። እኔ ከሁሉም አብዝቼ ሳቅሁ፤ ያንን ሳቅ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ነገሩ ሳይታወቅ ማለፉ ነበር ያስደሰተኝ።

ዋርሳዬ ገበሬዎቹን ሊሰናበት ሲሄድ መኪናው ውስጥ ሁለታችን ቀረን። ሐኪሙ ወደ ውጭ እያየ ተናገረ።

«ጠዋት መዝጊያውን አውጥቼ ፊቱን በአውራ ጣቴ ዳሰስሁት። መርፌው ጫፍ የለውም።»

የጫማዬን ጭቃ በጣቴ መፋቅ ጀመርሁ።

«ስም እረሳለሁ። መንገድ ይጠፋብኛል። ትናንት ማታ ምን እንደበላሁ ብትጠይቀኝ አላውቀውም። ጣቴ ግን ገና አልረሳም።»

«ታዲያ ለምን አነጣጠርህ?»

«ዝም ብዬ ባሳልፈው ዋርሳህ ምን ይላል? ቃታውን ብስብ ደግሞ ቀጭ ይላል፤ ይሰማል። አንተ ታፍራለህ።»

እኔ እሱ እንዳያፍር ስደብቅ፣ እሱ እኔ እንዳላፍር ሲደብቅ ኖሯል ማለት ነው። ለማለት የምፈልገው ብዙ ነበር፤ ያልሁት ግን «በሰላም ዋልን፤ ዋናው እሱ ነው» የሚል የስብሰባ መዝጊያ ዓይነት ቃል ሆነ።

እሱም ወደ እኔ ዞረ። «የሰው ሆድ ከመክፈቴ በፊት ለበሽተኛው በፊቱ ነበር የምነግረው። ገበሬም ይሁን ሚኒስትር። አንተ ሳትነግረኝ አደንዝዘህ ቀደድኸኝ። ለምን አልነገርኸኝም?»

«ከነገርሁህ ዘንድሮ ሳንወጣ እንቀራለን ብዬ።»

«እኔ? የማልወጣ?» አለና ድሮ ተማሪ ሳለን እንደሚያደርገው ትከሻዬን በቡጢ መታኝ። «ዱላም ይዤ ቢሆን እወጣለሁ። ማን ያስቀረኛል? በል አሁን ንገረኝ።»

«ምኑን?»

«አንድ ወር ሙሉ ሾርባ እየጋበዝህ ያልነገርኸኝን።»

«ከእንግዲህ አትተኩስም» አልሁት።

«እሺ» አለ። ከዚያ ቆየት ብሎ፣ «ደግ አደረግህ» አለኝ።

ኅዳር ፲፫፣ ማክሰኞ

የጠመንጃው ረቂቅ ከኮሚቴ ተመለሰ። አንድ ቃል አልተለወጠበትም። በጉዳዩ የግል ስሜት እንዳለኝ ለምክር ቤቱ አስታውቄ ወንበሩን ለምክትሉ ለቀቅሁና ከአባላቱ መካከል ተቀመጥሁ። ምክትሉ መዶሻውን እንዴት እንደጨበጠው! ረቂቁ ጸደቀ። እጄን አውጥቻለሁ።

ኅዳር ፲፯፣ ቅዳሜ

ሐኪሙ ደወለ። ድምፁ እንደ ወጣት ይዘላል።

«ወራቱ ገብቷል እኮ፤ ማውዘሬን የት ወሰድህብኝ? መቼ ነው የምንወጣው?»

«ነገርሁህ እኮ!» ብዬ ጮኽሁ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝ። ያን ሁሉ ጭንቅ አልፌ፣ ያን ቃል ከጉሮሮዬ ጎትቼ አውጥቼ፣ በሳምንቱ እንደገና? ይህ ግፍ ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በሕይወቱ አንድ ጊዜ ተናግሮ ይገላገላል እንጂ!

«ምን ነገርኸኝ?» አለ።

ነገርሁት። በዚህኛው ተቆጣ። ማን ሆነህ ነው፣ ሹመቱ ራስህ ላይ ወጣ፣ አለኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ኅዳር ፲፱፣ ሰኞ

እንደገና ነገርሁት። አለቀሰ። ቢሮ አረፈድሁ።

ኅዳር ፳፪፣ ሐሙስ

የሐኪሙ ልጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ከፈለጉ እኔ ልንገረው፤ እርስዎ አይድከሙ» አለችኝ። አይሆንም አልኋት። ለምን እንደተቆጣሁባት አላውቅም።

ኅዳር ፳፬፣ ቅዳሜ

ወደ ሐኪሙ ቤት ሄድሁ። ከደጁ ላይ ጫማውን አጥብቆ፣ የአደን ካፖርቱን ለብሶ ጠበቀኝ።

«ዘገየህ» አለኝ። «እንወጣለን አይደል?»

«እንወጣለን። ዋርሳዬ መኪናው ውስጥ ነው።»

«ማውዘሬስ?»

ደረጃው ላይ አጠገቡ ተቀመጥሁ። «አንተ ከእኛ ጋር ትወጣለህ፤ ከእኔ ጎን ትቀመጣለህ። ግን ከእንግዲህ አትተኩስም።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

ፊቴን ለረጅም ጊዜ ሲመረምር ቆየ፤ ድሮ በሽተኛ ሲያይ እንደሚያደርገው። ሊቆጣ ነው ወይስ ሊያለቅስ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ተመርኩዞኝ ተነሣ።

«ፊት ለፊት ስለነገርኸኝ አመሰግንሃለሁ» አለኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን ይደብቀኝ ነበር።»